ከነአጥንቱ የሚበላ ዓሣ፣ ከሩዝና ከጎመን ጋር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ዛሬ አንድ ምግብ አብረን እንሠራለን፤ ሩዝ፣ ዓሣና ጎመን በአንድ ጎድጓዳ ሳህን። ለአጥንታችን ብለን የምንሠራው ምግብ ነው። ድስቱን ከመጣዳችን በፊት ግን ስለ ሩዙና ስለ ዓሣው የምነግራችሁ አለኝ፤ የትኛውን ዓሣ፣ የትኛውን ቅጠል እንደምንመርጥ ካላወቅን ሳህኑ ሆድ ይሞላል እንጂ ለአጥንት የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ፣ ሐሙሲትን አልፋችሁ ወረታ ስትቃረቡ፣ ግራና ቀኙ የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ውሃ ያለብሱታል። ያ ረግረግ ድሮ የከብት ግጦሽ ነበር፤ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ሩዝ ወደ አካባቢው የገባው በደርግ ዘመን ሲሆን፣ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ከገበሬው ጋር ሠርተውበታል። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ገበሬው እጅ ላይ ቀርቶ እስከ ዛሬ ይዘራል፤ አሁን ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም አለ። ውሃ ሲተኛበት ሌላ እህል የማያበቅለው መሬት ሩዝ አበቀለ፣ ብዙ ቤተሰብም ከረሃብ ወጣ። የአካባቢው ሰው ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግርበታል፣ ጠላም ይጠምቅበታል። በዚያው ልክ ግን ግጦሹ ጠበበ፣ ከብቱም አነሰ።

ይህን የማነሳው ሩዝን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ሩዝ እወዳለሁ። ግን አስቡት። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ሚሊግራም ካልሲየም አለው። 100 ግራም ጥሬ ጤፍ 180 ሚሊግራም ገደማ ይዟል። 100 ግራም ጥሬ ነጭ ሩዝ ግን 30 እንኳ አይሞላም። ወተቱ ከቤት ሲጠፋና ጤፉ ሲወደድ፣ ሩዝ ሆዳችንን ሞልቶ አጥንታችንን ባዶ ሊተወው ይችላል። በከተማም እንዲሁ ነው፤ የጤፍ ዋጋ የከበደው ሰው በሩዝና በፓስታ ቀኑን ያልፋል። ስለዚህ ጥያቄው ሩዙ ላይ ምን እናድርግበት የሚለው ነው።

የፎገራ ሩዝ ጎረቤት ደግሞ ጣና ነው። እንዲያውም ዓሣው ራሱ ወደ ሩዙ ይመጣል ማለት ይቻላል፤ ከጣና ዓሦች አንዳንዶቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ርብንና ጉማራን ሽቅብ ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ መጥለፍ የነገውን ዓሣ ዛሬ መጨረስ ነው፤ የሐይቁ ዳር አድማጮቼ፣ እባካችሁ ይህን ለልጆቻችሁ ስትሉ ተጠንቀቁበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ዓሣ ለአጥንት ጥሩ ነው» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ እውነትም ነው። ግን ከዓሣው የትኛው ክፍል? የቆሮሶን ሥጋ ከአጥንቱ ለይታችሁ 100 ግራም ብትበሉ የምታገኙት ካልሲየም 10 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ከሩዙም አይሻልም። የዓሣው ካልሲየም ያለው እኛ ከሳህኑ ዳር አስቀምጠን ለድመት በምንሰጠው አጥንት ውስጥ ነው። የቆሮሶ አጥንት ደግሞ ጠንካራ ነው፣ ጉሮሮ ይወጋል እንጂ አይበላም። «አጥንቱን ቀቅዬ ሾርባውን እጠጣለሁ» የሚልም አለ። ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የምትጠጡት ሾርባ ጣዕሙ ድንቅ ነው፣ ያበረታል፤ ነገር ግን ካልሲየሙ በተራ መቀቀል ከአጥንቱ ወጥቶ ወደ ውሃው የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ነው።

ከነአጥንቱ የሚበላው ዓሣ የት አለ? በየሰፈራችን ሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ፤ ሰርዲን። አብዛኛውን ጊዜ ከሞሮኮ ይመጣል። ጣሳው ከታሸገ በኋላ ከፈላ ውሃ በበለጠ ሙቀት ስለሚበስል አጥንቱ ለስልሶ በሹካ ይፈጫል፤ ስትበሉት አጥንት መኖሩም አይታወቃችሁም። 100 ግራም ሰርዲን ከነአጥንቱ ወደ 380 ሚሊግራም ካልሲየም አለው። ከአንድ ብርጭቆ ወተት ይበልጣል ማለት ነው። በአጠገቡ የተደረደረው ቱና ግን ሥጋ ብቻ ስለሆነ ካልሲየሙ እንደ ቆሮሶው ሥጋ ጥቂት ነው። ሰርዲን ስትገዙም «አጥንት የወጣለት» የሚለውን ትታችሁ ከነአጥንቱ ያለውን ምረጡ። ብዙ ሰው አጥንት የሌለው የተሻለ ይመስለውና ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ዋናውን ነገር ትቶ ይመጣል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

(አጭር ሙዚቃ)

አጥንት ምንድን ነው የሚለውን ባጭሩ ላስረዳ። የጭቃ ቤት ግድግዳ አስቡ። መጀመሪያ እንጨቱ ይቆማል፣ ከዚያ ጭቃው ይመረግበታል። የአጥንት እንጨቱ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ምርጊቱ ካልሲየምና ፎስፈረስ ነው። እንጨት የሌለው ጭቃ ይፈርሳል፣ ጭቃ የሌለው እንጨትም ነፋስ አያግድም። ለዚህ ነው የዓሣው ሥጋም የማይናቀው፤ ከ100 ግራሙ 20 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ አጥንቱን የሚያቆም። ሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 ከመቶው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። የቀረው 1 ከመቶ በደምና በሌላው አካል ውስጥ ሆኖ ልብን ያስመታል፣ ጡንቻን ያንቀሳቅሳል፣ ደምን ያረጋል። ይህ ከጎደለ ሰውነት አይጠብቅም፤ ከአጥንት ቆንጥሮ ይወስዳል። ሕመም የለውም፣ ምልክትም የለውም። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንዲት እናት ደጃፍ ላይ አዳልጧት ስትወድቅ የእጅ አንጓዋ ወይም ዳሌዋ ሲሰበር ያን ጊዜ ይታወቃል። ሐኪሞች የአጥንት መሳሳት ይሉታል።

አጥንት የሚገነባበት ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። ሴት ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ከሚኖራት የአጥንት ክምችት እስከ 90 ከመቶ የሚሆነውን 18 ዓመት እስኪሞላት ታገኛለች፤ ወንዶች ትንሽ ዘግይተው ይደርሳሉ። ከ30 ዓመት በኋላ ያለውን መጠበቅ እንጂ ብዙ መጨመር አይቻልም። የወር አበባ ሲቋረጥ ደግሞ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። ስለዚህ ይህን ሳህን መጀመሪያ ለማን ልስጥ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በጉርምስና ላይ ላለችው ልጅ እላለሁ። በየቤታችን ለወንዶቹ ቀድሞ የሚወጣው ምግብ፣ ለእሷ ከድስቱ ሥር የሚተርፈው ነገር፣ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ በአጥንቷ ላይ ይታያል። አዋቂ በቀን 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል፣ ከ50 ዓመት በላይ ያለች ሴት 1,200፣ ከ9 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ 1,300፤ ከሁሉ የሚበልጠው የልጁ ነው።

የበላነው ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። እሱ በምግብ ውስጥ ብዙም አይገኝም፤ ቅባት ባላቸው ዓሦች፣ በእንቁላል አስኳልና በጉበት ውስጥ አለ። በሰርዲን አለ፣ በቆሮሶም ትንሽ አለ። ዋናው ምንጭ ግን ቆዳችን ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ነው። የ13 ወር ፀሐይ የሚባልላት አገር ልጆች በቫይታሚን ዲ እጥረት ይታመማሉ ቢባል ማን ያምናል? ይታመማሉ ግን። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል በተደረገና በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ የሳንባ ምች ይዟቸው ከመጡ 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ የሚባለው አጥንት የሚያለሰልስ ሕመም ተገኝቶባቸዋል፤ የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ልጆች ግን 20ው ብቻ። የሪኬትስ ልጅ የደረት አጥንቱ ስለሚለሰልስ በደንብ መተንፈስ ያቅተዋል። «ምች ይመታዋል»፣ «ዓይን ያርፍበታል» እየተባለ ተጠቅልሎ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚውል ሕፃን የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው። እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ልጁን ከረፋዱ 3 ሰዓት ገደማ እጁንና እግሩን ገልጣችሁ፣ ዓይኑን ከልላችሁ፣ ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ አሙቁት። ከመስኮት መስታወት ጀርባ የሚገባ ፀሐይ ግን ይህን ሥራ አይሠራም፤ መስታወቱ የሚያስፈልገውን ጨረር ያስቀረዋል።

ከአገር ውጭ ሆናችሁ የምታዳምጡንም ይህ ይመለከታችኋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። በስቶክሆልም፣ በቶሮንቶና በቦስተን ክረምት ፀሐይዋ ብትወጣም እንኳ ዘንበል ብላ ስለምትመጣ ቆዳ ላይ የምትሠራው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በእስራኤልም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ በሄዱ ሴቶች ላይ፣ በተለይ በእርጉዞችና በሚያጠቡ እናቶች ላይ፣ ከፍተኛ የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለ ጥናት አሳይቷል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን ደግሞ ፀሐይ ደጁን አቃጥሎት እናንተ ከጠዋት እስከ ማታ ከበር ውስጥ ናችሁ። ሰርዲኑ፣ ከነአጥንቱ የታሸገው ሳልሞንም፣ እዚያ በቀላሉ ይገኛል፤ የቫይታሚን ዲ ክኒን ግን ደማችሁን ከተመረመራችሁ በኋላ በሐኪም ምክር ውሰዱ።

(ሙዚቃ፤ የድስት ክዳንና የማማሰያ ድምፅ)

በሉ እንግዲህ፣ ወደ ማድ ቤት እንግባ። የምንሠራው ለ4 ሰው ነው። 2 ብርጭቆ ሩዝ፣ 2 ጣሳ ሰርዲን፣ አንድ ትልቅ እስር ጎመን፣ 2 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ቲማቲም፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ትንሽ በርበሬ፣ 2 ቃሪያ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ፣ አንድ ሎሚ። ኑሮው ለፈቀደለት ሰርዲኑን 4 ጣሳ ያድርገው።

ሩዙን ልቀሙት፤ የአገር ቤቱ ሩዝ ጠጠር አያጣም፣ ሲፈተግም ስለሚሰባበር ቶሎ ይበስላል። ሁለት ጊዜ አጥባችሁ በ4 ብርጭቆ ውሃ ጣዱት፤ ሲፈላ እሳቱን ቀንሳችሁ ክዳኑን ግጠሙ። ውሃውን ሲጨርስ አውርዱና ሳትከፍቱ 10 ደቂቃ ተዉት። ጨው አትጨምሩበት፤ ሰርዲኑ ጨው አለው። ጨው ሲበዛ ኩላሊት ካልሲየምን ከሽንት ጋር ያስወጣል።

ሩዙ እስኪበስል ጎመኑን እንያዝ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጎመንና ቆስጣ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፣ ሁለቱም ካልሲየም አላቸው። የቆስጣውን ግን ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር አጥብቆ ስለያዘው ብዙው ሳይጠቅመን ይወጣል። የቆስጣ የቅርብ ዘመድ ከሆነው ከስፒናች ሰውነት የሚወስደው 5 ከመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ ተለክቷል፤ ከጎመን ወገን ከሆነው ኬል ግን 40 ከመቶ ገደማ፣ ከወተት እንኳ በልጦ። ስለዚህ ለዚህ ሳህን የሐበሻ ጎመን። ቆስጣ ለሌላ ቀን ይሁን፤ ለሌላ ነገር ይጠቅማል። ጎመኑን እጠቡ፣ ቀጠን አድርጋችሁ ክተፉት፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ብቻ አድርጋችሁ ከድናችሁ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ አብስሉት። በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ልማዳችን ነው፤ ከውሃው ጋር የሚደፋው ቫይታሚን ግን ብዙ ነው። ትንሽ ውሃ ካደረጋችሁ የሚደፋም አይኖር።

በሌላ ድስት ሽንኩርቱን አቁላሉ። ሲለሰልስ የምትጨምሩት ዘይት የሰርዲኑ ዘይት ይሁን። ጣሳውን ከፍቶ ዘይቱን መድፋት የተለመደ ነው፤ ቫይታሚን ዲ በዘይት የሚሟሟ ስለሆነ ግን ከፊሉ ወጥቶ ጣሳው ውስጥ ዘይቱ ጋ ነው ያለው። ዓሣ በብዙ ዘይት ሲጠበስ የሚሆነውም ይኸው ነው፣ ቫይታሚኑ መጥበሻው ላይ ይቀራል። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን፣ ቀጥሎ እርዱንና በርበሬውን ጨምሩ፤ እንዳያር ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ ስጡት። ቲማቲሙን ከትፋችሁ ጨምሩና እስኪፈርስ አብስሉት። ሰርዲኑን መጨረሻ ላይ፣ ቃሪያውን አብሮ። ሰርዲኑ የበሰለ ስለሆነ 3 ደቂቃ ይበቃዋል፤ አታማስሉት፣ እንዲሁ ገልበጥ አድርጉት። ከመካከሉ የሚታየውን ለስላሳ አጥንት እየለቀማችሁ እንዳትጥሉ አደራ!

ሰሊጡን በደረቅ ምጣድ አመስ አድርጋችሁ በሙቀጫ ትንሽ ሸክሸክ አድርጉት። ሳይደቅ ከዋጣችሁት ብዙው እንዳለ ያልፋል። ከሰሊጡ ካልሲየም ብዙው ያለው በቅርፊቱ ላይ ነው፤ እዚያም ኦክሳሌት አለና ሁሉም ደም ውስጥ ይገባል ብላችሁ አትቁጠሩ። እኔ ለካልሲየሙም ለጣዕሙም እጨምረዋለሁ።

አሁን አቅርቡ። ሩዙ ከታች፣ ጎመኑ በአንድ ወገን፣ ሰርዲኑ ከነቁሌቱ በሌላው፣ ሰሊጡ ከላይ፣ ሎሚ ጨመቅ። ሎሚው ጨውን ያስረሳል። ግማሽ ጣሳ ሰርዲን፣ ጥሩ ጭልፋ ጎመንና አንድ ማንኪያ ሰሊጥ ያረፈበት ይህ ሳህን በጥቅሉ ወደ 400 ሚሊግራም ካልሲየም ይሰጣል። ሩዝ ብቻ ቢሆን 20 ያህል ነበር።

በሐይቅ ዳር ያላችሁ፣ ትኩስ ቆሮሶ እያለልን ቆርቆሮ ለምን እንከፍታለን ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ዓይኑ ያልደፈረሰ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ፣ በጣት ሲጫኑት ሥጋው የሚመለስ ዓሣ ምረጡ፤ ቁሌቱ ላይ አስተኝታችሁ ክዳን ግጠሙና በእንፋሎት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ ሥጋው ነጭ ሆኖ እስኪፈረካከስ ድረስ አብስሉት። ጥሬ ዓሣ አይበላ፤ የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። በዚህ አሠራር ካልሲየሙ ስለሚያንስ ጎመኑን አብዙና እርጎ አቅርቡበት። ዓይብ ጥሩ ነው፣ ፕሮቲን አለው፤ ካልሲየሙ ግን ብዙው ከአጓቱ ጋር ስለሚሄድ አጓቱን አትድፉት፣ ጠጡት።

ጾም ላይ ወተቱም እርጎውም ይቀራል። የሚጾም ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከወተት ይርቃልና አጥንቱን በሌላ መንገድ መጠበቅ አለበት። በጾም ዓሣ የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ፤ ያ የእያንዳንዱና የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው። የማይበላ ሰው ሰርዲኑን በሽምብራ ወይም በምስር ይተካ፣ ጎመኑን እጥፍ ያድርግ፣ የጤፍ እንጀራውንም አይተው። እርሾው ጤፉ ውስጥ ያለውን ማዕድን አስሮ የሚይዘውን ነገር ስለሚቀንሰው፣ የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይሻላል።

ጥቂት ማሳሰቢያ ይቀረኛል። ሪህ ያለበት ሰው ሰርዲን ያባብስበታልና በቆሮሶ ይሥራው። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው በድንገት አብዝቶ አይብላ፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይለዋወጥ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። የኩላሊት ሕመም ያለበትም እንዲሁ ሐኪሙን ይጠይቅ። የተረፈ ሩዝ ውጭ አይደር፤ ቶሎ አቀዝቅዛችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡና በማግሥቱ በደንብ አሙቃችሁ ጨርሱት። ለትናንሽ ልጆችና ጥርስ ለሌላቸው አያቶች ደግሞ በርበሬና ቃሪያ ከመግባቱ በፊት ከቁሌቱ ቀንሱላቸው፤ ሰርዲኑን ከነአጥንቱ በሹካ አድቅቃችሁ ከሩዙ ጋር አዋህዱላቸው፣ በማንኪያ ይበሉታል።